ሻለቃው የተናገረው

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አጎቴ ጠላት ሆነ። የሆነው በፊልም ነው። ግን ያን ጊዜ ለእኔ "በፊልም ነው" የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቅዳሜ ጠዋት ነጩ ሸራ ላይ ያየሁት ሁሉ ከከተማው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አሁን፣ እየተደረገ ያለ ነበር የሚመስለኝ።

ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አባቴ መካኒክ ስለነበር ገና በመጀመሪያው ወር ነው ታንክ ሊጠግን የሄደው። ደብዳቤው ሲመጣ ግማሹ በጥቁር ቀለም ተሰርዞ ይደርሰናል። እናቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስታ ከጥቁሩ ሥር ያለውን ለማንበብ ዓይኗን ስታጠብ፣ እኔ ቀሚሷን እየጎተትኩ "ምን አለ? ምን አለ?" እላለሁ። መቀመጥ አልወድም ነበር። ስበላ ቆሜ ነው፣ ሳጠና እየዞርኩ ነው። ቤት ውስጥ ጢንዚዛ ይሉኛል። "ይቺ ልጅ ቂጧ ላይ እሾህ አለ" ትላለች እናቴ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ልጆች በሙሉ ተሰልፈን ወደ ሲኒማ ቤት እንነዳለን። መግቢያው ነፃ ነው፤ መቅረት ግን አይቻልም። የሚታየው የጦርነት ፊልም ነው። ሕጉን ሁላችንም በልባችን እናውቀዋለን። የእኛ ወታደር ሲመታ ቶሎ አይሞትም፤ መጀመሪያ ስለ ሀገሩ ይናገራል፣ ከዚያ ስለ እናቱ፣ ከዚያ ጠመንጃውን ለጓደኛው ያስረክባል፣ ከዚያ ነው ዓይኑን የሚከድነው። ጠላት ግን አንዴ "እ!" ብሎ ይደፋል። ከመደፋቱ በፊት ደግሞ ይስቃል። ለምን እንደሚስቅ ማንም አይጠይቅም። ጠላት ሲደፋ የእንጨቱን ወለል በእግራችን እንደበድበዋለን፤ አቧራው ከፊልሙ ማሳያ ብርሃን ውስጥ እንደ ጭስ ይነሳል።

እኔ የምፈልገው አባቴን ነበር። ከኋላ ከሚሮጡት ወታደሮች መካከል በእያንዳንዱ ፊልም እፈልገዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከታንክ ሥር ተንጋሎ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው እግር ብቻ አየሁና "አባዬ!" ብዬ ብድግ አልኩ። ከኋላዬ ያሉት "ተቀመጪ፣ ጋረድሽን!" ብለው በክርናቸው መልሰው አስቀመጡኝ።

የምንኖረው በአንድ ግቢ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። በአንዱ እኔና እናቴ፣ በሌላው የእናቴ ወንድም ጋሼና ሚስቱ እትዬ። የሚለየን ግድግዳ ችፑድ ነው፤ ጋሼ በዚያ በኩል ሲያስነጥስ እናቴ በዚህ በኩል "ይማርህ" ትላለች። ጋሼ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጦሩ መኪናውን ወስዶ አንድ ደረሰኝ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ጋራዥ ውስጥ የሞተር ዕቃ በነዳጅ ያጥባል። እትዬ የሹራብ ማሽን አላት። ለትምህርት ቤት ልጆች ሰማያዊ ሹራብ ትሠራለች። የማሽኑ እጀታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ጭርር፣ ጭርር ይላል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመንገድ ጀምሮ ስለምሰማው ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ፀጉሬን የምትሠራልኝ እሷ ነች። "ጠ" ማለት አትችልም፤ "ተብቂኝ፣ ቲንዚዛ" ትለኛለች፣ እኔ እየሳቅኩ "ጠ! ጠ!" እያልኩ አስተምራታለሁ።

"እትዬ የማዶ ልጅ ናት" ሲባል እሰማለሁ። ከቤታችን በታች ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ የሸክላ ፋብሪካው ረጅም ጭስ ማውጫ ይታያል። እዚያ የተወለደች ነበር የሚመስለኝ።

"እናትሽ ሸክላ ነው የምትሠራው?" ብዬ ጠይቄያታለሁ።

እትዬ እጀታውን አቁማ አየችኝ። "አዎ፣ ሸክላ ነው" አለችኝ።

"ለምን ታዲያ አትጠይቂያትም? ድልድዩ እኮ ቅርብ ነው።"

"ድልድዩ ተዘግቷል፣ የኔ ልጅ።"

በማግስቱ ወርጄ ድልድዩን አየሁት። አልተዘጋም። አህያ ሁሉ ይሻገርበታል። እትዬ እናቷን ለመጠየቅ ሰንፋለች ብዬ ለእናቴ ከሰስኳት፤ እናቴም "አርፈሽ ተቀመጪ" አለችኝ።

ማዶ ማለት ግን ከድንበሩ ማዶ፣ የጠላት አገር ነበር። ጋሼ ድንበሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ዕቃ ሲያመላልስ እዚያ ነው ያገኛት። ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። ለእኔ ጠላት አድራሻ የሌለው፣ የብረት ቆብ ያደረገ፣ ጥርሱ የበዛ ነገር ነው። ሹራብ አይሠራም።

የፊልም ሠሪዎቹ በሁለት አውቶቡስ የመጡት በዚያ ዓመት ነው። ከከተማው ውጪ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ የካርቶንና የእንጨት ቤቶች ሠሩ፤ ከፊት ሲታይ መንደር ነው፣ ከኋላ ሲታይ ባዶ። የእኛ ክፍል ልጆች የመንደሩ ሕዝብ እንድንሆን ተመረጥን። አብሯቸው የማስታወቂያ ቢሮው ሰውዬ መጣ፤ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ ያለው። ለጠላት ሻለቃ የሚሆን ሰው ቸግሯቸው ነበር። ቋንቋውን የሚሞክር፣ ቁመና ያለው፣ ፊቱ ጠቆር ጠንከር ያለ። ሰው ጋሼን ጠቆማቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼና እናቴ በእኛ በኩል ተቀምጠው በዝግታ ሲያወሩ እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ የጫማዬን ክር እፈታለሁ፣ አስራለሁ።

"ፊትህን ልትሰጣቸው ነው?" አለች እናቴ።

"ፊቴን ብቻ ከሆነ የፈለጉት ይውሰዱት።"

"ነገ ይኼ ሰፈር ምን ይልሃል? ሰው እኮ ፊልምና እውነት አይለይም።"

"ስሟ ዝርዝሩ ላይ ነው፣ እህቴ። ሰውዬው 'አንተ ሥራልን፣ የእሷን ወረቀት ከታች አደርግልሃለሁ' ብሎኛል።"

"በአፉ?"

"በአፉ። ምን ላድርግ፣ ፈርምልኝ ልበለው?"

እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፊልም ሲጀምር የሰዎች ስም በዝርዝር ከሥር ወደ ላይ ይወጣል አይደል? የእትዬ ስም እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው። ከታች መሆኑ ግን አናደደኝ። የማንም ስም ከላይ ሆኖ የእትዬ ለምን ከታች ይሆናል? ማታ ራት ላይ፣ "ዝርዝሩ ላይ ከላይ አድርጉልን ብለሽ ለምን አትጠይቂያቸውም?" አልኳት። እትዬ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ጋሼን አየችው። እናቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ዝርዝሩ ማዶ የተወለዱ ሰዎች ዝርዝር ነበር። በየሐሙሱ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ተጭኖ ወደ ድንበር ይወሰዳል።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ አልተሳካም። ጋሼ ቋንቋውን የተማረው በመንገድ ነው፤ የሚያውቀው "ስንት ነው"፣ "ውሃ አለ ወይ"፣ "ጎማ ፈንድቶብኝ ነው" የሚለውን ነው። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ሽጉጡን አንስቶ ሲጮህ ጎማው የፈነዳበት ሰው ከመምሰል አላለፈም። ይባስ ብሎ የእኛን ትምህርት ቤት የምታጸዳዋን አሮጊት በጥፊ መምታት ነበረበት፤ መታትና ካሜራው እየዞረ "ይቅርታ እናቴ፣ አመመዎት እንዴ?" አላት። የመንደሩ ሕዝብ ሁላችን ሳቅን። ዳይሬክተሩ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ።

"ጠላት ይቅርታ አይጠይቅም!"

የማስታወቂያ ቢሮው ሰውዬ ጋሼን ወደ ጎን ወስዶ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ጋሼ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። አንድ ሳምንት ተሰጠው።

በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሽኑ እንደ ወትሮው ጭርር፣ ጭርር ይላል፤ ግን ድምፁ ልክ አይደለም። ክር የሌለበት ማሽን ቀለል ያለ፣ የሚፋጭ ድምፅ አለው። ችፑዱ ላይ የምስማር ቀዳዳ ስለነበር አንድ ዓይኔን ለጠፍኩበት። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጀታውን ባዶውን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። እትዬ መሀል ወለሉ ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ያለው የልብስ መለኪያ ማስመሪያ ነው፤ እንደ ሽጉጥ ይዛዋለች። አገጯን ወደ ላይ አንስታ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ በፊልም ጠላት የሚናገረውን ዓይነት ቋንቋ በሹክሹክታ ትጮሃለች። በሹክሹክታ መጮህ ይቻላል፤ ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ጋሼ ይደግማል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አይደለም። ትደግምለታለች። ይደግማል። አይደለም። ወደ እሱ ሄዳ ጉሮሮውን በሁለት ጣቷ ነካችውና ድምፁ ከየት መውጣት እንዳለበት አሳየችው። ሲሳካለት ማስመሪያውን ጥላ ማሽኑ ላይ ግንባሯን ደፋች፣ ትከሻዋም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እየሳቀች መሰለኝ። እኔም ከዚህ በኩል አብሬ ሳቅኩ።

ፈርቼም ነበር። ያን ቋንቋ በመንገድም ሆነ በቤት መናገር ክልክል እንደሆነ የሚገልጸውን ማስታወቂያ ራሴ፣ በየግድግዳው ላይ፣ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ግን እትዬ ስለሆነች ፍርሃቴ ረጅም ጊዜ አልቆየም። እትዬ ሁሉንም ነገር ታውቃለች፤ ይህንንም ታውቃለች ማለት ነው።

በሳምንቱ ጋሼ ድንጋይ መፍለጫው ቦታ ላይ ቆሞ ሲጮህ የእኛ ክፍል አንዷ ልጅ የእውነት ሱሪዋ ላይ ሸናች። ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። ሰውዬው ለሁላችንም ከረሜላ አደለ።

ፊልሙ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰ። ያን ቅዳሜ በሲኒማ ቤቱ መቀመጫ ጠፍቶ በየመተላለፊያው ሁሉ ተቀመጥን። ጋሼ ሸራው ላይ ከእኛ ቤት የሚበልጥ ፊት ነበረው። መንደሩን አቃጠለ። አሮጊቷን መታት፤ ይቅርታም አልጠየቃት። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ታየ፤ ጋሼ እንደዚያ ሲስቅ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ የእኛ ወታደር በጥይት ሲደፋው ወለሉ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም በእግሩ ይደበድባል። እኔም እግሬን አንስቼ ነበር፤ አየር ላይ ቀረ። የት ላድርገው? ከዚያ ከፊት ያሉት ልጆች አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞሩ።

ከሰኞ ጀምሮ "የሻለቃው ልጅ" ሆንኩ። ደብተሬ ውሃ ውስጥ ገባ። ጋሼ በመንገድ ሲያልፍ ጠጠር ይከተለዋል፤ ዳቦ ሻጯ ለሌላው በእጇ ስትሰጥ ለእሱ ሳንቃው ላይ ጣል ታደርግለታለች። እሱ ግን ደስ ያለው ይመስል ነበር። "ከታች ነው ያለው፣ አረጋግጧል" ሲላት ሰማሁት፣ እትዬን። ስለ ስሟ መስሎኝ ደግሜ ተናደድኩ፤ ፊልሙ ሲጀምር ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፣ የእትዬ ስም ከላይም ከታችም አልነበረም። ውሸታሞች።

መምህራችን ሴት ነበሩ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ። አንድ ማክሰኞ ልጆቹ እየገፈታተሩ ጥግ ሲያስይዙኝ አይተው ሁሉንም ወደየቦታቸው መለሱና፣ "ልጆች፣ ይኼ ትወና ነው። የእሷ አጎት ጠላት አይደለም። እስቲ አንቺ ንገሪያቸው" አሉ። ሊረዱኝ ነበር።

ተነሳሁ። ስሜቱ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ እግሬ ሥር መሬቱ ሞቀኝ። አንድ ጊዜ ተናግሬ ሁሉንም ዝም ማሰኘት ነበር የፈለግኩት።

"ጋሼ ጠላት አይደለም!" አልኩ። "የጠላትን ቋንቋ እንኳን በደንብ አይችልም! እትዬ ናት ያስተማረችው። እሷ በጣም ነው የምትችለው። ሰው እንዳይሰማ ማሽኑን ባዶውን እያስጮኹ ነው የምታስተምረው። በቀዳዳ አይቻለሁ!"

ክፍሉ ጸጥ አለ። አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ።

"ተቀመጪ" አሉ መምህራችን። "ተቀመጪ አልኩሽ! ይቺ ልጅ ወሬ ስትፈጥር... መጽሐፋችሁን አውጡ። አውጡ!" ዳስተሩን አንስተው ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ያጠፉ ጀመር። የተቆጡት ቀጥ ብዬ ስላልቆምኩ መሰለኝ። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ልጅ ከእኔ ሁለት ወንበር ወደፊት ነበር የሚቀመጠው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ወታደሮችና የማስታወቂያ ቢሮው ሰውዬ መጡ። እኔን እናቴ ከበር ላይ ወደ ጓዳ ገፋችኝ፤ ከዚያ የሰማሁት ጉርምርምታ ብቻ ነው። ሲፈቀድልኝ ስወጣ እትዬ አንድ ሻንጣ አልጋው ላይ ከፍታ ቆማለች፤ ምን እንደምታስገባ አታውቅም። አንድ የጋሼን ካልሲ አስገባች፣ አወጣች፣ መልሳ አስገባች። ማሽኑ ላይ አንድ እጅ የሌለው ሰማያዊ ሹራብ ተንጠልጥሏል።

"እትዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?"

"ማዶ" አለችኝ። "እናቴ ጋ።"

ደስ አለኝ! ያልኳት እኮ ነው፤ ድልድዩ ቅርብ ነው ብያት ነበር። "ጎሽ!" አልኳት። "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። ሸክላም አምጪልኝ፣ ቀዩን።"

ተንበርክካ የፀጉሬን ጉንጉን በእጇ ለካችው፤ አንደኛው ተፈቷል። ልትሠራልኝ ጀመረች። ወታደሩ "በይ እንጂ" አላት። "አመጣልሻለሁ" አለችኝና ሳትጨርሰው ተነሳች።

ጋሼን ጋራዥ ድረስ ሄዶ የጠራው ሰው ዘግይቶ ነው የደረሰው። መኪናው ከአደባባዩ ተነስቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጋሼ በዘይት የጨቀየ ቱታውን እንደለበሰ ከላይ መጣ፤ ሮጠ። አፉ ተከፍቷል፤ የሚጮኸው በዚያ በክልክሉ ቋንቋ ነው። የራሱ ቋንቋ ጠፍቶበት በእሷ ቋንቋ ስሟን ይጠራል።

መንገዱ ላይ የነበረው ሰው አወቀው። መጀመሪያ አንድ ልጅ፣ "ሻለቃው! ሻለቃው!" አለ። ከዚያ ከየሱቁ ሰው ወጣ።

"እዩት፣ እዩት! ሲሸሽ!"

"ኧረ እያለቀሰ ነው! እንዴት አድርጎ ነው የሚያስመስለው ባክህ!"

አጨበጨቡለት። አዎ፣ አጨበጨቡለት። ሌላ ፊልም እየተቀረጸ የመሰለውም ነበር፤ ካሜራውን ፍለጋ አንገቱን ያሰገገ ሰው አይቻለሁ። ልጆቹ እንደ ቅዳሜው ጠዋት መንገዱን በእግራቸው ደበደቡት። ድንጋይ መጣ። ጋሼ ትከሻው ላይ ተመታ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ መኪናው ሲታጠፍ ቆመ። እኔ ከእናቴ እጅ አምልጬ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሜ ነበር። ምን እንደሚያስለቅሰው አልገባኝም። ከወንዙ ማዶ ለሄደች ሰው? አፈርኩበት። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ወደ ማስታወቂያ ቢሮው እናቴ አብራው ሄዳ ነበር። ሰውዬው ምን እንዳለ የነገረችኝ አድጌ ነው። ጋሼ "ቃል ገብተህልኝ ነበር" ሲለው፣ "ወንድሜ፣ ፊልሙ እኮ አልቋል" አለው። ከዚያ ለማጽናናት ይሁን ለመኩራራት እንጃ፣ እንዲህ ብሎ ጨመረ፦ "ፊልምህ ደግሞ እዚያ ማዶም ሳይታይ አልቀረም። እየሰረቁ ለሕዝባቸው ያሳያሉ አሉ፤ 'እንዲህ ነው የሚስሏችሁ፣ ተቆጡ' እያሉ። ታዋቂ ሆነሃል።"

ጋሼ ተነስቶ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ሄዶ ሌላ ፊልም ካለ እንዲጠሩት ለመነ።

"አሁንም?" አለችው እናቴ። "እንዲህ ካደረጉህ በኋላ?"

"አሁንም።"

ስድስት ፊልም ሠራ። ስድስት ጊዜ ሳቀ፣ ስድስት ጊዜ ተደፋ። እኔ አስራ ሁለት፣ አስራ አራት፣ አስራ ስድስት ዓመት እየሞላኝ በሄድኩ ቁጥር ጠላሁት። ዝና ወዶ ነው አልኩ። ሚስቱን የወሰዱበትን ሰዎች ጫማ የሚልስ ሰው ነው አልኩ። ማዶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አውቄያለሁ፤ እትዬ ለምን እንደተወሰደች ስጠይቅ እናቴ ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ነው፦ "ዝርዝር ነው፤ ተራዋ ደርሶ ነው።" አመንኳት። ማለት፣ በተበላሸ ጥርስ ላለማኘክ ምግብን በሌላው በኩል እንደምናደርገው ነው ያመንኳት። ያቺ ማክሰኞ ትዝ ስትለኝ ተነስቼ አንድ ነገር እሠራ ነበር። ዕቃ አጥባለሁ፣ መንገድ እወጣለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ፊልም ተቀምጬ አልጨረስኩም።

አባቴ አንድ ጆሮው ደንቁሮ በሕይወት ተመለሰ። ሰላም የወረደው እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ጋሼ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሻገረ፤ ስምንት ቀን ቆይቶ ብቻውን መጣ።

"አገኘሃት?"

"አገኘኋት። ደህና ናት። አግብታለች፣ ልጆች አሏት።" ሻንጣውን አስቀምጦ ወደ ጋራዥ ሄደ።

አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ከሰላሙ በኋላ ከማዶ የመጣች ፋርማሲስት ጓደኛ አለችኝ፤ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ባለፈው ወር ሠራተኞች ሻይ በሚጠጡበት ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ የድሮ ፊልም ያሳይ ነበር። ጋሼን አየሁት። ሦስተኛው ፊልሙ ነበር፤ ምሽግ ላይ ወጥቶ፣ ሽጉጡን ወደ ሰማይ አንስቶ ይጮሃል። ልነሳ ስል ጓደኛዬ ጮክ ብላ ሳቀች።

"ይኼን ፊልም አውቀዋለሁ! ተማሪ ሆነን እንድንናደድ ብለው አሳይተውናል። ሲኒማ ቤቱ ሙሉ ሰው በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። በማግስቱ አነሱት።"

"ለምን?"

"ምን እንደሚል አትሰሚም እንዴ? ኦ፣ ለካ ቋንቋውን..."

ከምስሉ ሥር የተጻፈው "አንዱንም በሕይወት እንዳትተዉ!" ነው። ጋሼ የግንባሩ ሥር ተገታትሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ወታደሮቹን እያየ ይጮሃል። ዳይሬክተሩ፣ ሰውዬው፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ማንም አልነቃበትም፤ ቋንቋውን የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ቀድመው ጭነው ወስደውታል።

"'ደህና ነሽ ወይ?' ነው የሚለው" አለችኝ። "'ትበያለሽ ወይ? እናትሽን አገኘሻት? እኔ ቤቱን አልለቀቅኩም።' ይገርማል እኮ፣ እያየሽው? ሽጉጥ ይዞ! መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ግን አንዲት ሴት ከኋላችን ማልቀስ ስትጀምር ሁላችንም ዝም አልን። ለሆነ ሰው እንደሚናገር ገባን።"

"ከዚያስ?"

"ቆይ..." ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ካሜራው ወደ ጋሼ ፊት ቀረበ። ዓይኑ በቀጥታ ወደ እኛ ነበር። ድምፁ ይበልጥ ከፍ አለ፤ እጁ ወርዶ የሆነ መንደር ላይ አመለከተ።

"'ልጅቷ'" አለች ጓደኛዬ በዝግታ፣ "'ልጅቷ ምን እንዳደረገች አታውቅም። አልነገርናትም። አንቺም እንዳትቀየሚያት።'"

ፊልሙ ቀጠለ። እሳት ሆነ። ጓደኛዬ "ልጅቷ ማን ትሆን?" ብላ ሻይዋን አማሰለች። እኔ ተነስቼ በኮሪደሩ እስከ ጫፍ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። የሆነ ሰው "ውጤት ደረሰ ወይ?" አለኝ፤ የምን ውጤት እንደሆነ አላስታውስም።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ጋሼ ጋ ሄድኩ። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው። በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል።

"ጋሼ፣ ያን ሦስተኛውን ፊልምህን እትዬ አይታው ነበር?"

ብሩሹ ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። በቴሌቪዥን ሲያሳዩ አየሁና ትዝ አለኝ።"

አየኝ። ምን ያህል እንደማውቅ ፊቴ ላይ እየፈለገ ነበር። ሰላሳ ሁለት ዓመት እንዳላውቅ ብሎ ደክሟል፤ ይህን ድካሙን በአንድ ጠዋት ላፈርስበት አልቻልኩም። የቦርሳዬን ዚፕ ከፍቼ ቁልፌን እንደምፈልግ ሆንኩ።

"አይታዋለች" አለ በመጨረሻ። "በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ገብታ። እሷ ግን መልስ መላኪያ አልነበራትም።"

"እሺ።"

"ሌላስ? ሌላ የሰማሽው ነገር የለም?"

"የለም፣ ጋሼ።"

"በይ እንግዲያው ሂጂ፣ ሥራ ይረፍድብሻል" አለኝና ወደ ጫማው ተመለሰ።

ሄድኩ።